አትላንቲክን በሸራ ጀልባ ልሻገር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውኛል፦ ስለ ሰው ሠራሽ እግር፣ ስለ ስንቅና ስለ እናቴ ምክር እሻለሁ

ሸራ ሰፊው (ሐይቅ)፣ ጥቅምት 9

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ።

ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደሴ አራዳ ልብስ ሰፊ ስለነበር የክረምት ዕረፍቴን ያሳለፍሁት በስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምሁ ነበር። በ17 ዓመቴ በደረሰብኝ የመኪና አደጋ ግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የምኖረው በካናሪ ደሴቶች፣ ላስ ፓልማስ በምትባለው የወደብ ከተማ ሲሆን እንጀራዬም የጀልባ ሸራ መስፋትና መጠገን ነው። ሸራ ከመስፋት አልፌ በሸራ መጓዝን የተማርሁትም እዚያው ነው፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ከደሴት ደሴት፣ ሁለት ጊዜም እስከ ሞሮኮ ጠረፍ ድረስ ጀልባ መርቻለሁ።

አሁን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር፣ ርዝመቷ 11 ሜትር በሆነች ባለ አንድ ምሰሶ ጀልባ፣ ከላስ ፓልማስ ተነሥተን በካሪቢያን ወደምትገኘው ሴንት ሉሲያ ደሴት ልንሻገር ነው። ርቀቱ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ስለሆነ 5,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በእኛ ጀልባ ፍጥነት ከ20 እስከ 24 ቀናት ይፈጃል ብለን ገምተናል። በአትላንቲክ የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ተብሎ የሚቆጠረው በፈረንጆች አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ያለው ጊዜ በመሆኑ፣ የምንነሣው ከኅዳር 21 በኋላ በሚገኘው የመጀመሪያ ምቹ ነፋስ ይሆናል። የጀልባዋ ኃላፊ እኔ ነኝ።

የጀልባዋ ዝግጅት ከሞላ ጎደል አልቋል። ሸራዎቹን ስፌት በስፌት መርምሬ የላላውን ሁሉ በእጄ ደግሜ ሰፍቼዋለሁ። ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶች ተፈትሸዋል፤ በአየር የሚነፋው የነፍስ አድን ጀልባም በባለሙያ ታይቶ ታሽጓል። በ406 ሜጋ ኸርዝ ወደ ሳተላይት የአደጋ ጥሪ የሚያሰማው መሣሪያ በጀልባዋ ስም ተመዝግቧል። ጋኗ 400 ሊትር ውኃ ትይዛለች፤ ለእያንዳንዳችን በቀን 4 ሊትር መድበን፣ መንገዱ ቢረዝም እንኳ ለ30 ቀናት 360 ሊትር ስለሚበቃን ጥቂት ይተርፈናል።

ያልተሟላው የእኔው የአካሌ ዝግጅት ነው። እናቴን ለመሰናበት ወደ ሐይቅ መጥቼ እስከ ጥቅምት 28 እዚሁ ስለምቆይ፣ በእነዚህ ቀናት ሦስት ነገሮችን መፍታት እፈልጋለሁ። አንደኛው በመሐል ባሕር የሰው ሠራሽ እግሬ ሶኬት፣ ማለትም ቀሪ እግሬ የሚገባበት ክፍል፣ ቢሰነጠቅ በምን እንደምጠግነው ነው። ሁለተኛው ከወሎ ምን ዓይነት ስንቅ ብይዝ ሳይበላሽ እንደሚያደርሰኝ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም ይከብደኛል፤ እናቴ የምሄደው በትልቅ የጭነት መርከብ ተቀጥሬ ይመስላታል፤ ዋሽቻት አይደለም፣ ሆኖም ስትገምት ዝም ብያለሁ። እንዴት አድርጌ ልንገራት?

የእግር ባለሙያ (ደሴ)፣ ጥቅምት 9

ወንድሜ፣ እንኳን ለአገርዎ አፈር አበቃዎት። በሰው ሠራሽ አካል ሥራ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ለባሕር የሚሄድ እግር ሠርቼ ባላውቅም በሐይቅና በአርዲቦ ዳር ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች ሠርቼ፣ ውኃ ምን እንደሚያበላሽ አይቻለሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ሶኬቱ የተሠራው ከምንድን ነው? ከቀሪ እግርዎ ጋር የሚያያዘውስ በመቆለፊያ ፒን ነው ወይስ በማሰሪያ?

ሸራ ሰፊው (ሐይቅ)፣ ጥቅምት 10

አመሰግናለሁ። ሁለት እግሮች አሉኝ። ዋናው የካርቦን ሶኬት ያለው፣ በሲሊኮን ላይነርና (ቀሪ እግር ላይ በሚጠለቅ ለስላሳ ሽፋን) በፒን የሚቆለፍ ነው። ተጠባባቂው ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ደሴ የተሠራልኝ የፖሊፕሮፒሊን እግር ሲሆን ከጉልበት በላይ በቆዳ ማሰሪያ ይታሰራል፤ ባቱም ውስጡ ባዶ ነው። ለሁለቱም መጠገኛ ይሆነኛል ብዬ ኢፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ ገዝቻለሁ።

የእግር ባለሙያ (ደሴ)፣ ጥቅምት 10

እንግዲያው ከዋናው ልጀምር። ካርቦኑ ቢሰነጠቅ ኢፖክሲና የፋይበርግላስ ጨርቅ ይይዙታል፤ ቦታውን በንጹሕ ውኃ ከጨው አጥበው፣ አድርቀውና በሸካራ ወረቀት ፍቀው ከሆነ ብቻ። የእርስዎ እግር የሚያሰጋኝ በመቆለፊያው በኩል ነው። የፒኑ ቤት ውስጥ ጥቃቅን የብረት ሞላዎች አሉ፤ የጨው ውኃ ገብቶ ሲደርቅ ጨው ይጋገርባቸዋል፣ ቀጥሎም ይዝጋሉ። አንድ ማለዳ ፒኑ አልገባም ሊልዎ ወይም፣ ከዚያ የከፋው፣ ገብቶ አልወጣም ሊልዎ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅና ለመቆለፊያ በሚሆን ቅባት መጥረግ የማይታለፍ ሥራ ነው። ሙሉ መቆለፊያውን ከነመፍቻው በትርፍ ይያዙ።

ለፖሊፕሮፒሊኑ ግን ኢፖክሲው አይረዳዎትም። ፖሊፕሮፒሊን ማጣበቂያ የማይቀበል ፕላስቲክ ነው፤ ዛሬ የያዘ የመሰለዎት ነገ ሲረግጡት ይላቀቃል። ስንጥቅ ከታየ በመጀመሪያ ስንጥቁ ባለቀበት ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይብሱ፤ ክቡ ቀዳዳ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ያቆመዋል። ከዚያ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳዎች በስተው ቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ በሪቬት ያስሩበታል። እርስዎ ሰፊ ስለሆኑ ደግሞ በሰም በተቀባ የሸራ ክር ቆዳ ደርበው ቢሰፉት ከሪቬቱ ባልተናነሰ ይይዛል ብዬ አምናለሁ። ኪዳሜ በሥራ ቦታዬ ስላለሁ ሁለቱንም እግሮች ይዘው ይምጡ፤ በአሮጌ ሶኬት ላይ አብረን እንሞክረዋለን።

ነርስ (ወልዲያ)፣ ጥቅምት 10

ስለ እግሩ ተነጋገራችሁ፤ እኔ በውስጡ ስላለው ቆዳ ልጨምር። ላብ፣ የጨው ውኃና የላይነሩ ሙቀት በአንድ ላይ ሲሆኑ የፀጉር ሥሮች ይመርዛሉ፤ መጀመሪያ ትንንሽ ብጉር፣ ቀጥሎ እባጭ ይሆናል። በከተማ ይህ የሁለት ቀን ዕረፍት ጉዳይ ነው። በጀልባ ላይ ግን እግሩን ማድረግ ካልቻሉ ሥራዎን መሥራት አይችሉም ማለት ስለሆነ ቀላል አድርገው እንዳያዩት። በቀን አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለቀሪ እግርዎና ለላይነሩ ብቻ ይመድቡ፤ በጻፉት ሒሳብ መሠረት ለ30 ቀናት 30 ሊትር ከተረፈው 40 ሊትር ላይ ይወጣል። ሁለት ላይነር እያፈራረቁ ይጠቀሙ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። ምላጭ አያስነኩት፤ የተላጨ ፀጉር ወደ ውስጥ ይበቅላል። በባሕር ሕመም ሲያስመልስዎና ውኃ ሲያንስዎ ቀሪ እግሩ ስለሚቀንስ ሶኬቱ ይሰፋል፤ ሰፋ ማለት ደግሞ ቆዳውን ይፍቃል ማለት ነው። ውፍረታቸው የተለያየ የቀሪ እግር ካልሲዎችን በብዛት ይያዙ። ከሐኪም ጋር ተመካክረው ለቆዳ ቁስል የሚሆን መድኃኒት ከነአወሳሰዱ በጽሑፍ መያዝዎን ግን አልጠቀሱም።

የቀድሞ ባሕረኛ (ኮምቦልቻ)፣ ጥቅምት 11

ልጄ፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በባሕር ኃይል አገልግያለሁ። አሰብንም ምጽዋንም አውቃቸዋለሁ፤ ከደሴ ተነሥተን በሚሌ በኩል ወደ አሰብ ስንወርድ የባሕሩ ሽታ ከመታየቱ በፊት ይደርሰን እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከዚህ አገር ልጅ ውቅያኖስ የሚሻገር መኖሩን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛን ያስተማሩን ትልቁ ሕግ አንድ እጅህ ለመርከቡ፣ አንድ እጅህ ለራስህ የሚል ነበር። ላንተ ግን ይህ አይበቃህም። ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ ሲመጣብህ ቁጭ ብለህ ሥራው፤ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር ባይኖረው እንኳ በቀላሉ አይወድቅም። ደግሞም ሰው ሠራሹ እግር የረገጠውን አይነግርህም፤ ገመድ ረግጠህ ገመዱ ሲንከባለል የምታውቀው ከወደቅህ በኋላ ነው። በጀልባዋ ግራና ቀኝ የሚዘረጉት የደኅንነት ገመዶች ክብ ከሆኑ በጠፍጣፋ ጥብጣብ ቀይራቸው፤ ጠፍጣፋ ነገር ከእግር ሥር አይሽከረከርም።

ዓይንህን በጨርቅ አስረህ ከመኝታህ እስከ መሪው ድረስ ስንት መያዣ እንዳለ በእጅህ ቁጠር። እግሩን ሳታደርግም፣ በጉልበትህ እየሄድህ፣ ደግመህ ቁጠር። ሌሊት ማዕበል ሲነሣ እግር ለማድረግ ጊዜ የሚሰጥህ የለም።

እስከዚያው ሐይቁ ደጃፍህ ነው። ልብስህን ለብሰህ፣ የነፍስ አድን ጃኬትህን አድርገህ፣ ከነእግርህ ውኃ ውስጥ ግባና ምን እንደሚሆን እይ። ይህን በአትላንቲክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳታየው።

ሸራ ሰፊው (ሐይቅ)፣ ጥቅምት 15

ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብዬ ፈጽሜዋለሁ፤ ያየሁትንም በዝርዝር ልጻፍ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ኪዳሜ ጠዋት ከባለሙያው ጋር ቆየሁ። አሮጌውን ሶኬት ሆን ብለን ሰነጠቅነው፤ ኢፖክሲው እንደተባለው በአንድ ርግጫ ተላቀቀ። በሪቬትና በቆዳ ስፌት የጠገንነው ግን ለሁለት ቀን ደሴ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ስሄድበት አልነቃነቅ አለ። የጦሳን ግርጌ የወጣ ጥገና የጀልባ ወለልንም ይችላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ትናንት ደግሞ ከአጎቴ ልጅ ጋር በዓሣ ማጥመጃ ጀልባው፣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው አቅጣጫ፣ ወደ ሐይቁ ገባን። በወገቤ ገመድ አስሬ፣ በውኃ ሲነካ ራሱን የሚነፋውን ጃኬት ለብሼ በመጀመሪያ በዋናው እግር ዘለልሁ። ጃኬቱ ተነፋ፣ ፊቴ ወደ ሰማይ ሆነ፣ ችግር አልነበረም። በተጠባባቂው እግር ስዘል ግን ያልጠበቅሁት ሆነ። ባዶው ባት በአየር ስለተሞላ እንደ ቅል ተንሳፈፈና ግራ ጎኔን ወደ ላይ አነሣው፤ እኔ ቀጥ ልበል ስል እሱ ይገለብጠኛል፤ ቀኝ እግሬን በጀልባው ጎን ላይ ለማሳረፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልቻልሁም። ጃኬቱም ወደ ጆሮዬ ተሰበሰበ። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ጎትቶ አወጣኝ። ውኃው ጸጥ ያለ ነበር፤ ይህ በሦስት ሜትር ማዕበል ላይ ቢሆን ምን እንደሚያስከትል ለማሰብ ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

ዛሬ ለባለሙያው ደውዬ በእሱ ፈቃድ በባቱ ላይ ከላይና ከታች ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፤ በታችኛው ውኃ ይገባል፣ በላይኛው አየር ይወጣል። በጃኬቱ ላይ ከጭን መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ጨመርሁ። ከጥብጣብም እንደ እርካብ ያለ ነገር ሰፍቼ ከጀልባው ጎን አንጠለጠልሁት። ከሰዓት በኋላ ደግሜ ስገባ እግሩ ሞላና ጸጥ አለ፣ ጃኬቱ ቦታውን አልለቀቀም፣ ደህነኛውን እግሬን እርካቡ ውስጥ አስገብቼ በሁለት እጄ ራሴን አወጣሁ። ውኃው እስኪንጠፈጠፍ እግሩ ከባድ ነው፤ እሱን እችለዋለሁ። እርካቡን ላስ ፓልማስ ስደርስ ለጀልባዋ በሁለቱም ጎን እሰፋለታለሁ።

በጉልበት መሄዱንም ጀምሬአለሁ። ሴራሚክ አንጣፊዎች የሚያደርጉትን የጉልበት መከላከያ ደሴ ገበያ አግኝቼ ገዛሁ።

ዊልቼር ተጠቃሚ (ደሴ)፣ ጥቅምት 16

ወንድሜ፣ በቅንነት እንደምጽፍ ይወቁልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዊልቼር እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት በከተማችን አንድ መሥሪያ ቤት ፊርማ ለማኖር ሄጄ ሦስተኛ ፎቅ ውጡ ተባልሁ፤ ሊፍት የለም፣ ወረቀቱን ይዞልኝ የሚወርድ ሰውም አልተገኘም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆን እንዳለባቸው ከደነገገ ብዙ ዓመት አልፏል። እርስዎ ውቅያኖስ ሲሻገሩ ዜናውን የሚሰሙ ሰዎች “አየህ፣ ቆራጥነት ካለ ሁሉም ይቻላል” ብለው ወደ እኛ እንዳይዞሩ እሰጋለሁ። የእኔ ችግር የቆራጥነት ማነስ አይደለም፤ 54 የደረጃ እርከን ነው። ጉዞዎን አልቃወምም። ነገር ግን ስለ ጉዞዎ ሲናገሩ ይህን እንዳይረሱ እለምንዎታለሁ።

ሸራ ሰፊው (ሐይቅ)፣ ጥቅምት 16

ወንድሜ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ እውነት ነው። እኔ ጀልባ መምራት የቻልሁት ቆራጥ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም። ሸራውን ወደ ምሰሶው የሚያወጣው ገመድ ተስቦ ወደምቀመጥበት ቦታ እንዲመጣ ስላደረግነው፣ መወጣጫው ላይ ትርፍ መያዣ ስለተበየደልኝ፣ የሠራተኞች መድንም የዋናውን እግር ዋጋ ስለከፈለልኝ ነው። ጀልባዋ ለእኔ ተስተካከለች፤ የእርስዎ ሕንፃ ግን አልተስተካከለም።

በዚህ ሙያ ከእኔ በፊት ያለፉትን ሳጠናም ያገኘሁት ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊቷ ሒላሪ ሊስተር ከአንገቷ በታች መንቀሳቀስ ሳትችል በ2005 በፈረንጆች አቆጣጠር የእንግሊዝን ቦይ ለብቻዋ ተሻግራለች፣ በ2009 ደግሞ ብሪታንያን ዞራለች፤ ሸራውንና መሪውን የምታዝዘው በአፏ በያዘቻቸው ቀጫጭን ቱቦዎች እፍ እያለችና እየሳበች ነበር። ቱቦዎቹ ባይሠሩላት ኖሮ ቆራጥነቷ ከወደብ አያስወጣትም ነበር። ግራ እጁ ሳይፈጠር የተወለደው ፈረንሳዊው ዳሚያን ሴጋን በ2020 የተጀመረውን፣ ያለ ማቆም ዓለምን ለብቻ የመዞር ውድድር ሰባተኛ ሆኖ ጨርሷል። ግራ እጁንና ግራ እግሩን በ2008 በአደጋ ያጣው አሜሪካዊው ደስቲን ሬይኖልድስ ከሐዋይ ተነሥቶ ዓለምን ለብቻው ዞሮ በ2021 ተመልሷል። በአንጻሩ በ2000 ወደ ፓራሊምፒክ የገባው የሸራ ጀልባ ውድድር ከ2016 በኋላ ተሰርዟል፤ ያን ጊዜ ከመርከበኞቹ የጎደለ ቆራጥነት አልነበረም።

ስለ ጉዞው የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የ54ቱን እርከን ነገር እናገራለሁ። ቃሌ ነው።

ዊልቼር ተጠቃሚ (ደሴ)፣ ጥቅምት 16

ተቀብያለሁ። አላህ መንገድዎን ያቅናልዎ።

እትዬ ባለ ሙያ (ውጫሌ)፣ ጥቅምት 17

የኔ ልጅ፣ ሁሉም ስለ እግርህ ሲጨነቅ ስንቅህን ማን ይየው? የወሎ ሰው ስንቅ ሳይቋጠርለት መንገድ አይወጣም።

ከሁሉ አስቀድመህ በሶ ያዝ። ማዕበል ሲያንገላታችሁ ምድጃ እንደማይለኮስ አስባለሁ፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ በውኃ በጥብጠህ ትጠጣዋለህ ወይም በጥቂት ውኃ ጨብጠህ ትበላዋለህ። ገብሱ በደንብ የታመሰ ይሁን፤ ጥሬነት የቀረበት ዱቄት ይሻግታል። በአንድ ከረጢት እንዳትይዘው፤ ለአንድ ለአንድ ቀን የሚበቃውን በድርብ ላስቲክ ለይተህ እሰረው፣ አንዱ ውኃ ቢነካው ሌላው ይተርፋል። ድርቆሽም ያዝ፤ ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ካላሰማ አልደረቀምና በጥቅምት ፀሐይ መልሰህ አስጣው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለሌሊት ተረኛ ይሆናል፤ እጅና አፍ ሥራ ሲያገኙ እንቅልፍ ይርቃል። ተልባም አትርሳ፤ ውኃ የሚቆጥብ ሰው ሆዱ ይደርቃል። ቋንጣና ንጥር ቅቤ እኔ ራሴ አዘጋጅቼ ሐይቅ ድረስ እልክልሃለሁ።

ተጓዥ (ሮም)፣ ጥቅምት 17

እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ላስገንዝብ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ቋንጣውም ቅቤውም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወሰዳሉ፤ እኔ የእናቴን ቅቤ ዓይኔ እያየ ተጥሎብኛል። በሶው፣ ቆሎው፣ ሽሮውና በርበሬው ግን አልፈውልኛል።

እትዬ ባለ ሙያ (ውጫሌ)፣ ጥቅምት 17

እንዲህ ከሆነ ቅቤውን እዚያው ይግዛ፤ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና በሶብላውን ከዚህ ይዞ ይሂድና ራሱ ያንጥር። ማንጠሩን እናቱ ታሳየው።

የከሚሴ ልጅ፣ ጥቅምት 18

ወንድሜ ሸራ ሰፊው፣ አልጠየቅህም፤ ግን ውኃ ስትቆጥብ ውዱእ እንደሚያስጨንቅህ ገምቼ ነው የምጽፈው። የባሕር ውኃ ንጹሕና የሚያነጻ መሆኑ በሐዲስ የተነገረ ስለሆነ ከመጠጥ ውኃህ መቀነስ አያስፈልግህም። የሚታጠበው የአካል ክፍል ከነቦታው ከተቆረጠ ግዴታው ይወድቃልና ግራ እግርህን መንካትም አይጠበቅብህም። ነርሷ የጻፉትን ሳነብ ይህ እፎይታ ሆኖ ታየኝ፤ ጨዋማው ውኃ ቀሪ እግርህን አይነካውም። መንገደኛ ስለሆንህ ሶላት ታሳጥራለህ፤ ጀልባዋ ካላስቆመችህም ተቀምጠህ ትሰግዳለህ። አብሽር።

ሸራ ሰፊው (ሐይቅ)፣ ጥቅምት 23

ለእናቴ ነገርኋት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ቡና፣ ቶናውን፣ እየቀዳች ነበር። ካርታ ባሳያት እንደማይገባት ስለማውቅ ረከቦቱን አፍሪካ አድርጌ፣ አንድ ስኒ በግራ በኩል ካናሪ ብዬ፣ ሌላ ስኒ ደግሞ ከምንጣፉ ማዶ አስቀምጬ መንገዱን በጣቴ አሳየኋት። በመሐሉ ያለው ሁሉ ውኃ ነው አልኋት። መርከቡ ትንሽ እንደሆነ፣ ሦስት ሰዎች ብቻ እንደሆንን፣ ሞተሩ ለወደብ መግቢያና መውጫ እንጂ የሚወስደን ሸራ እንደሆነ፣ ኃላፊውም እኔ መሆኔን ነገርኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ “መንገዱን በምን ታውቀዋለህ?” አለችኝ። ከሳተላይቱ ይልቅ የጥንት መርከበኞች ይሉት የነበረውን መረጥሁ፦ ቅቤው እስኪቀልጥ ድረስ ወደ ደቡብ ትወርዳለህ፣ ቅቤው ሲቀልጥ ወደ ምዕራብ ትዞራለህ። ይህ ዛሬም ይሠራል፤ ወደ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አቅጣጫ ወረድ ሲባል ሙቀቱም፣ ከሰሜን ምሥራቅ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስም ይገኛሉ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። የደጋውና የቆላው ቅቤ ልዩነት ለወሎ ሴት አይነገራትም።

ቀጥላ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው “ሌሊት ማን ይነቃል?” የሚል ነበር። እያንዳንዳችን ሦስት ሰዓት ነቅተን ስድስት ሰዓት እንደምናርፍ ስነግራት ተስማማት። ሁለተኛው ግን “ስትተኛ እግርህን የት ታስቀምጠዋለህ?” የሚል ነበር።

መልስ አልነበረኝም። አምስት ዓመት ጀልባ ስመራ፣ ከአሥር በላይ ሰዎች ዝግጅታችንን ሲመረምሩ፣ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። በአጭር ጉዞ ከመኝታዬ አጠገብ ወለሉ ላይ አኖረው ነበር። ነገር ግን ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ስትጋደም ወለሉ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፤ ጋሼ ያሉት ሌሊት ሲመጣ እኔ በጨለማ እግሬን እየፈለግሁ ነበር የምገኘው ማለት ነው።

እናቴ ተነሥታ የአባቴን ሲንገር የስፌት መኪና ከተሸፈነበት ገለጠችው። ከላስ ፓልማስ ለመለማመጃ ያመጣሁት የዳክሮን ሸራ ቁራጭ ስለነበረኝ ሁለት ኪስ ቆረጥሁ፤ አንዱ ለዋናው እግር፣ አንዱ ለላይነርና ለካልሲ። ሸራው በአራት ድርብ ላይ ሲደርስ መኪናው ስለሚከብደው ቁጥር 18 መርፌ አስገብቼ መንኮራኩሩን በእጄ እያዞርሁ ሰፋሁት፤ እናቴ ጨርቁን ከወዲያ በኩል ትይዝልኝ ነበር፣ ለአባቴ እንደምታደርገው። አፉ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ተሰፍቶበታል። ከትራሴ በክንድ ርቀት፣ በአራት ማዕዘኑ በብሎን ይታሰራል። ከመኝታ እስከ መሪው የቆጠርኋቸው መያዣዎች ዘጠኝ ነበሩ፤ አሁን የመጀመሪያው ይህ ኪስ ሆኗል።

የቀድሞ ባሕረኛ (ኮምቦልቻ)፣ ጥቅምት 23

እናትህን ሰላም በልልኝ። እኔም ሳልጠይቅህ መቅረቴ ቆጭቶኛል። ኪሱ አፉ ላይ መዝጊያ ይኑረው፤ ጀልባ ጨርሶ የተገለበጠ እንደሆነ እግርህ እንዳይወድቅ።

ሸራ ሰፊው (ሐይቅ)፣ ጥቅምት 24

ተሰፍቷል፤ በአንድ እጅ የሚከፈት ነው።

የሸራ ሰፊው እኅት (ሐይቅ)፣ ጥቅምት 28

ለመድረኩ አባላት፣ ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቷል። ትናንት ማታ እናታችን ጎረቤቶቿን ጠርታ ዱዓ ተደረገለት፤ ክርስቲያኖቹም መጥተው ቡናውን አብረው ጀባ ተባባሉ። ከውጫሌ የተላከው በሶና ዳቦ ቆሎ በሠላሳ ትንንሽ ከረጢት ታስሮ ገብቷል። የቅቤ ቅመሙ በጨርቅ ተቋጥሯል፤ ማንጠሩንም ሁለት ጊዜ በእናታችን ፊት ሠርቶ፣ በሁለተኛው “ይሁን” ተብሎለታል። ሻንጣው ሲመዘን ትርፍ ስለመጣ ከልብሱ ቀንሶ ተጠባባቂውን እግር በእጁ ይዞ ተሳፈረ።

ከባሕሩ ላይ በሳተላይት አጭር መልእክት በየሁለት ቀኑ ይልክልኛል፤ እኔም እንደደረሰኝ እዚህ አሰፍረዋለሁ። እናታችን ስለ ቦታና ስለ ማይል ቁጥር አትፈልግም። በሩ ላይ ሲሰናበታት ያለችው “ቅቤው የቀለጠ ዕለት አሳውቀኝ” ነው።